ዲኤክሷ ጠዋት «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች፤ ባትሪ ልግዛ ወይስ ሌላ ነው?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ጀመዓው። የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ሰሞኑን ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዴ «ጠቅ» ትልና ዝም። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ጡሩምባውም ይሠራል። ደግነቱ የማቆማት ዳገት ላይ ነው። በግፊ አስነስቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እውላለሁ። ከሰዓት እዚያ በቁልፍ ትነሳለች። አንድ ጋራዥ ምንም ሳይለካ «ባትሪ ቀይር» አለኝ። የባትሪ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
የደሴ ብርድ ነው ወንድሜ። ብርድ ባትሪ ያደክማል፣ ዘይትም ያወፍራል። ባትሪውን አስሞላና እየው።

መልስ፣ ከደሴ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻን፦
ብርዱ ያባብሳል እንጂ ብቻውን አይመስለኝም። ባትሪ ሲደክም ብዙ ጊዜ «ጠቅጠቅጠቅ» ነው የሚለው። አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ከሆነ እኔ ገመድና ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ነው የማየው።
የፊት መብራት አብራና ሰው ቁልፍ ያዙርልህ። መብራቱ ጭልጭል ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ራሱ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። ንቅንቅ ካላለ ከረንቱ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም።
ቀጥሎ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ከዚያ ማሳውን (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተር ብረት የሚሄደውን ገመድ) ለካ፦ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ (እርሳሱ) ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም!)፣ ቀዩን ባዶ የሞተር ብረት ላይ አድርግ። ቁልፍ ሲዞር ከ0.5 ቮልት ካለፈ ጥፋቱ ማሳው ነው።

መልስ፣ ከወልድያ፣ የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ምን ያደርጋል? ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖዋን መታ መታ አድርጋት። ከተነሳች ካርቦኗ (ውስጧ ከረንት የሚያስተላልፈው) አልቋል።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ የካርቦን ምልክት ነው። በመዶሻ ግን እንዳይሞክረው፤ ማግኔት ያለው ሞተሪኖ ከሆነ ማግኔቱ ይሰነጠቃል። በእንጨት፣ በቀስታ። ማርሹም ፍሪ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

ጠያቂ፦
መብራቱ ምንም አልቀነሰም። ባትሪው 12.5 አለ። ማሳው ላይ ግን ከ5 ቮልት በላይ ዘለለ! የማሳው ገመድ ከሞተር የሚታሰርበትን ብሎን ስፈታ ሥሩ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጌ አጠበቅሁት። ዛሬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ግን ከሰዓት በኋላ ለምን ትነሳ ነበር?

ኤሌክትሪሻኑ፦
የሞቀ ሞተር ለመዞር ይቀላል፣ ትንሽ ከረንት ይበቃዋል። በዚያ ላይ ብረት ሲሞቅ ያበጥና የላላው ይነካካል። ገመዱ ውስጡም ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ቀይረው፣ ግን በቀጭን እንዳትተካው። ስትሠራ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍታ፣ መጨረሻ ግጠም። ሞተሩ እየሠራም ባትሪው ላይ ለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላውን) አሳየው።