በብርዱ ወራት በፍሎሪዳ ዳርቻ እናት ዓሣ ነባሪንና ግልገሏን ከየብስ ሆኖ ማየት ይቻላል?

አባወራው፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጃክሰንቪል ነው። የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ በብርዱ ወራት ለመውለድ ወደ ጆርጂያና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፍሎሪዳ ዳርቻ እንደሚወርድ ከሰማሁ ዓመታት ቢቆጠሩም እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። በጃንዋሪ መጨረሻ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ለሦስት ቀን ወደ ሴንት ኦገስቲን ስለምንሄድ፣ በዚያው ለልጆቹ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ትንሽ የሞተር ጀልባ ያለው አንድ ወዳጄ "ይዣችሁ ልውጣ" ብሎኛል፤ ባለቤቴ ግን ሕግ እንደሚከለክል ሰምታለችና ሐሳቡን አልወደደችውም። ለመሆኑ ከየብስ ሆኖ ማየት ይቻላል? ከተቻለስ የት ቆሞ፣ ምን ዓይነት ምልክት መፈለግ ይገባል? ባለፈው ፌብሩዋሪ በባሕሩ ዳር ስንሄድ ከሩቅ የተገለበጠ ጀልባ የሚመስል ጥቁር ነገር አይተን፣ "ቆሻሻ ይሆናል" ብለን አልፈነዋል። ያ ነገር ምን እንደነበረ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

የአሸዋው ዘብ፦

ስለ ጀልባው ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ዝርዝሩን ጀልባ ላላቸው ልተወውና እኔ ስለ የብሱ ልናገር። በዚህ ዳርቻ ዓሣ ነባሪ ከሚጠባበቁት በጎ ፈቃደኞች ጋር ሰባት የብርድ ወቅት ቆሜአለሁ።

እናቶቹ ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ ባሕር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የሚመጡት ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ሲሆን፣ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ሊታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመረጡት ጊዜ ጥሩ ነው። እናቲቱ እዚህ ሳለች አትመገብም፤ ምግቧ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በመሆናቸውና እነሱም በብዛት የሚገኙት በሰሜኑ ስለሆነ፣ ግልገሏን የምታጠባው በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመትና አንድ ቶን ያህል ክብደት ቢኖረውም ገና ሕፃን ነውና ትንፋሹን ይዞ ብዙ መቆየት አይችልም፤ እናቲቱም ከእርሱ ላለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ገጽ ሳትርቅ ትጋደማለች። ይህች እንስሳ ጥቁር ናት፣ ጀርባዋም ሰፊና ክንፍ የሌለው ነው። የተገለበጠ ጀልባ ያሉት እርሷ ነበረች ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን በስልክ የሚደርሱን ብዙ ጥቆማዎች የሚጀምሩት በዚያው አነጋገር ነው።

ቦታን በተመለከተ ዋናው ነገር ከፍታ ነው። ከሴንት ኦገስቲን ወደ ደቡብ፣ በማሪንላንድ በኩል እስከ ፍላግለር ቢች ድረስ ኤ1ኤ የተባለው መንገድ ባሕሩን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ በአሸዋ ክምሩ ላይ ከተሠሩት የእንጨት መተላለፊያዎች አንዱ ላይ መቆም ይበቃል። ብዙ ሰው በማለዳ ይወጣል፤ እኔ አልመክርም። ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት የጠዋቷ ፀሐይ ውሃው ላይ እያንጸባረቀች ዓይንን ትወጋለች፣ ከቀትር በኋላ ግን ከጀርባ ትሆናለች። ነፋስ ኖሮ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ካወጣ ልጆቹን ሌላ ቦታ ይውሰዷቸው፤ በእንደዚያ ያለ ቀን ዓሣ ነባሪ ፊት ለፊትዎ ቢያልፍም አያዩትም።

ባይኖኩላሩን ቶሎ አያንሡ። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይቃኙ፤ አንድ ነገር ዓይንዎን ሲስበው ያን ጊዜ በመነጽሩ ያረጋግጡ። ትንፋሿ ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ እንደ ቅርንጫፍ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። ጭንቅላቷ ላይ ነጣ ያሉ ሻካራ ጉብታዎች አሉ፤ የሚነጡትም የዓሣ ነባሪ ቅማል የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሚሰፍሩባቸው ነው። የጀርባ ክንፍና ረጃጅም የጎን ክንፎች ካዩ ግን ሃምፕባክ የተባለው ሌላው ዝርያ ነው፤ እርሱም በዚሁ ወቅት በዚህ በኩል ያልፋል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፌብሩዋሪ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ ዘይት እንደፈሰሰበት ለጥ ብሎ ሳለ ከፍላግለር ቢች በስተሰሜን አንዲት እናት እንደ ግንድ ተጋድማ አየን። ግልገሉ ጭንቅላቷ ላይ ይወጣል፣ ተንሸራትቶ በወዲያ በኩል ይገባል፣ ዞሮ መጥቶ ደግሞ ይወጣል። ከአርባ ደቂቃ በላይ አልተነቃነቀችም። በኋላ ሰለቻት መሰለኝ፣ በጀርባዋ ተገልብጣ በሁለት ክንፎቿ መካከል ያዘችው። ትንፋሻቸው እኛ ከቆምንበት ድረስ ይሰማ ነበር።

መልሕቅ፦

እኔ ለዓሣ ማጥመድ በጀልባ የምወጣ ሰው ነኝ። የፌዴራሉ ሕግ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ከዚህ ዓሣ ነባሪ በ500 ያርድ ውስጥ መቅረብን ይከለክላል፤ ይህም ወደ 460 ሜትር ነው። ክልከላው ጀልባን ብቻ ሳይሆን ካያክን፣ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳንና ድሮንንም ይጨምራል። ሳያውቁ በዚያ ርቀት ውስጥ ከተገኙ አቅጣጫ ቀይረው በዝግታ መራቅ ግዴታዎ ነው። ስለዚህ ወዳጅዎ ሕጉን አክብሮ ቢወስዳችሁም ልጆችዎ ከአሸዋው ላይ ከሚያዩት የበለጠ አያዩም።

የፍጥነቱ ነገር ግን ያከራክራል። በ2008 የወጣው ደንብ በዓሣ ነባሪዎቹ ወቅትና በተከለሉት ቦታዎች ከ10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ እንዳይሄዱ የሚያስገድደው 65 ጫማና ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸውን መርከቦች ነው። በ2022 ደንቡ ከ35 ጫማ ጀምሮ ያሉትንም እንዲይዝ ሐሳብ ሲቀርብ እንደ ብዙዎቹ ጀልባ ነጂዎች እኔም ተቃውሜ ነበር፤ ሐሳቡም በጃንዋሪ 2025 ተሰርዟል። ይሁንና በፌብሩዋሪ 2021 በሴንት ኦገስቲን መግቢያ አጠገብ ግልገሉን የገጨው የስፖርት ማጥመጃ ጀልባ 54 ጫማ ነበር፤ ደንቡ አይመለከተውም ማለት ነው። ጀልባው ውሃ ስለገባበት ነጂው እንዳይሰጥም ብሎ ወደ ዳር አወጣው። የግልገሉ ሬሳ በማግሥቱ አናስታሲያ ፓርክ ዳርቻ ላይ ተገኘ፤ ኢንፊኒቲ የምትባለው እናቱም ከቀናት በኋላ አዲስ ቁስል ይዛ ታየች። ነጂውን አልኮንነውም፤ በ20 ኖት ለሚሄድ ሰው ክንፍ የሌለው ጥቁር ጀርባ ከውሃው አይለይም።

እኔን ያተረፈኝ ዕድል ነው። አንድ ምሽት ስመለስ ከፊት የተቀመጠው ጓደኛዬ "ቁም!" ብሎ ጮኸ። ሞተሩን ሳጠፋው ከፊታችን እንደ መስታወት የለሰለሰ ክብ ውሃ ነበር፤ ጅራቷን ስታወዛውዝ ከሥር የምትተወው ዱካ ነው። ከዚያ በስድሳ ሜትር ርቀት ጀርባዋ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በዝግታ ነው የምገባው፤ ሕግ ስላስገደደኝ አይደለም።

አባወራው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጀልባውን ነገር ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ብናይ ለማን እናሳውቅ? የኛ በስልክ የተነሣች ደብዛዛ ፎቶግራፍስ ለሰዎቹ ምን ትፈይዳለች?

ከጆርጂያ፦

ወንድሜ፣ ትፈይዳለች። በሕይወት ያሉት ከ400 ያነሱ ናቸው፤ ከእነሱም መውለድ የሚችሉት ሴቶች ወደ 70 ይሆናሉ። እንደ ድሮው ቢሆን አንዲት እናት በየሦስትና አራት ዓመቱ ትወልድ ነበር፤ አሁን ግን በመካከሉ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያልፋል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የማጥመጃ ገመድ ነው። ከ85 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ጊዜ በገመድ ተጠልፈዋል፤ ሳይሞቱ ቢተርፉም ገመዱን እየጎተቱ የሚከሱት እናቶች ለማርገዝ የሚሆን ስብ አይኖራቸውም። በ2017 እና 2018 መካከል በነበረው ወቅት አንድም ግልገል አልታየም።

በጭንቅላታቸው ላይ ያሉት ጉብታዎች አቀማመጥ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ አንዱ ይለያል፤ በቦስተን የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ አኳሪየም በዚሁ ምልክት እያንዳንዳቸውን መዝግቦ ይዟል። አዲስ የተወለደው ግልገል ግን ጉብታዎቹ ገና ስላልጎሉ የሚታወቀው በእናቱ ነው። ጁኖ የምትባለውን እናት ግልገል ያስታውሱ ይሆናል፤ በ2024 መጀመሪያ በደቡብ ካሮላይና ዳርቻ ጭንቅላቱና አፉ በጀልባ ፕሮፔለር ተቆርጦ ታየ፣ በማርች ደግሞ እኛ ጋ ከምበርላንድ በተባለው ደሴት ላይ ሞቶ ተገኘ። በመካከሉ የነበሩትን ሳምንታት መከታተል የተቻለው ሰዎች ባዩበት ቦታ ሁሉ ስላሳወቁ ነው።

ለብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የዓሣ ነባሪ ስልክ ይደውሉ፤ ባሕር ላይ ያለ ሰው በሬዲዮ ቻናል 16 ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይናገራል። ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታና ዓሣ ነባሪዎቹ ወደየት እየሄዱ እንደነበር መዝግቡ። ፎቶግራፉ ጭንቅላቷን ካሳየ ሌላው ቢደበዝዝም ግድ የለም።

አባወራው፦

ትናንት ተመለስን። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየወጣን፣ በጠቅላላው አምስት ሰዓት ያህል ቆመን ዶልፊን ብቻ አየን። አንድ ጊዜ ከሩቅ ነጭ ነገር ሽቅብ ሲረጭ አይተን ልጆቹ ቢጮኹም ተመልሶ አልታየም፤ ምን ሊሆን ይችላል?

የአሸዋው ዘብ፦

ጋኔት የሚባለው ትልቁ ነጭ የባሕር ወፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ከከፍታ ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ሲገባ ልክ እንደዚያ ይረጫል፣ እኛንም በየዓመቱ ያታልለናል። መለያው ቀላል ነው፤ ወፉ ከሆነ የሚረጨው እዚህም እዚያም ነው። እናትና ግልገል ከሆኑ ግን ትንፋሹ እዚያው አካባቢ ደጋግሞ ይወጣል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ትንሹም ከትልቁ ቶሎ ቶሎ። ጃክሰንቪል ሩቅ አይደለም፣ ወቅቱም እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ ነፋስ የሌለበት ቅዳሜ ካገኙ የቆምንበትን መተላለፊያ በግል መልእክት እልክልዎታለሁ።