ዲኤክሴ ዳገት ላይ አልጎትት አለችኝ

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ወገን፣ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ናት፣ በቸርችል ጎዳና ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ስወጣ ቤንዚኑን እስከ ታች ብረግጠውም አትሄድም፣ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ያቀልጠዋል። ሜዳ ላይ ደህና ናት። መካኒኩ ሞተር ይውረድ አለኝ፣ ጨንቆኛል ምን ትሉኛላችሁ?

አሮጌ ሹፌር፦ ወንድሜ ሞተር እንዳታስወርድ ቆይ! ስትረግጠው ሞተሩ ይጮሃል ወይስ ይታፈናል? እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) እያንሸራተተ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል

አሮጌ ሹፌር፦ እንግዲያው የቤንዚን ፊልትሮ ቀይር ርካሽ ነው፣ ሲደፈን ለሜዳ የሚበቃውን ያሳልፍና ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲፈልግ ያጥረዋል። ካንዴላዎቹንም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ፈተህ እያቸው፣ ጫፋቸው ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ሳሪስ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፣ ካርቡራተሩም ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል። ሞተር ከማስፈታትህ በፊት ኮምፕሬሽን (ሞተሩ ውስጥ ያለውን እመቃ) አስለካ።

የፒያሳ ልጅ፦ ፊልትሮውን ዛሬ አስቀየርኩ፣ አሮጌውን ስገለብጠው ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ወረደ! ቸርችልን በሦስተኛ ወጣኋት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታንከሩን ቅዳሜ አሳጥባለሁ