አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ በአይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት) ጉዳይ የከተማውን ምክር ቤት ምን ብንጠይቅ ይሻላል?

የዌስት ኤንድ ነዋሪ፦
ወገኖች ሰላም። ዌስት ኤንድ ያለን ጎረቤቶች፣ ሐበሻውም ሳልቫዶሩም አፍጋኑም አንድ ላይ ሆነን፣ በምክር ቤቱ የቅዳሜ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ልንናገር ተዘጋጅተናል። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። እስካሁን የተጻፈው ንግግር «ከተማችን ከአይስ ጋር አትተባበር፣ ስደተኞችን ጠብቁልን» የሚል ነው። ምክር ቤቱ ሰኞ ጠዋት ምን እንዲሠራ እንደምንፈልግ ግን አይናገርም። ከተማ የፌዴራል መንግሥትን ማገድ እንደማይችል ይገባናል። ታዲያ በከተማው እጅ ያለው ምንድን ነው? የቱን ጥያቄ ለማን እናቅርብ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ሕግ ተከታታይ፦
መጀመሪያ ማንን እንደምትጠይቁ ለዩ፤ ብዙ ልፋት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፖሊስ ተጠሪነቱ የከተማውን አስተዳደር ለሚመራው ለሲቲ ማኔጀሩ ነው፣ ሲቲ ማኔጀሩን ደግሞ ምክር ቤቱ ይሾመዋል። ስለዚህ ስለ ፖሊስ የምትጠይቁትን ከንቲባዋና ስድስቱ አባላት ማስፈጸም ይችላሉ። እስር ቤቱ ግን በሸሪፉ እጅ ነው። ሸሪፍ በቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት የቆመ፣ በየ4 ዓመቱ ሕዝብ የሚመርጠው ባለሥልጣን ስለሆነ ምክር ቤቱ አያዘውም። እሱን በቀጥታ በደብዳቤ ጠይቁት፣ ምክር ቤቱን ደግሞ ጥያቄያችሁን የሚደግፍ የአቋም መግለጫ እንዲያወጣ ጠይቁ።

እስር ቤት ውስጥ ያለው አካሄድ ይህ ነው። የተያዘ ሰው አሻራ ሲሰጥ አሻራው በስቴት ፖሊስ በኩል ኤፍቢአይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ኢሚግሬሽን ያልፋል። ይህን ከተማም ሸሪፍም ማስቆም ስለማይችሉ «አሻራ አትላኩ» እያላችሁ ደቂቃችሁን አትጨርሱ። አይስ ሰውየውን ከፈለገው ዲቴይነር የሚባለውን ቅጽ አይ-247ኤ ይልካል፦ የሚፈታበትን ሰዓት አሳውቁን፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላም እስከ 48 ሰዓት አቆዩልን ይላል። ይህ ልመና ነው፤ ሸሪፉ እሺም እምቢም ማለት ይችላል። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በጃንዋሪ 2015 በጽሑፍ የሰጡት አስተያየትም ግዴታ እንዳልሆነ ይናገራል። አብሮት የሚመጣው ቅጽ አይ-200 ዋራንት (የመያዣ ትዕዛዝ) ቢባልም የሚፈርምበት የኢሚግሬሽን መኮንን ነው፣ ዳኛ አላየውም።

የፌርፋክስ ካውንቲ ሸሪፍ በ2018 ከአይስ ጋር የነበረውን ውል አቋርጠው፣ ዳኛ የፈረመበት ዋራንት ካልቀረበ ከመፈቻ ሰዓት በላይ ሰው አናቆይም አሉ። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን በእሱ ብቻ አትቁሙ። የአይስ መኮንኖች እስር ቤቱ ውስጥ ገብተው ሰውየው በሚፈታባት ደቂቃ ከተረከቡት፣ አንዲት ተጨማሪ ደቂቃ ሳይቆይም ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት የጽሑፍ መመሪያ ሁለቱን ይያዝ፦ የዳኛ ፊርማ ከሌለ አለማቆየት፣ የዳኛ ፊርማ ከሌለ የአይስ መኮንንን ሕዝብ ወደማይገባበት ክፍል አለማስገባት። የቨርጂኒያ ሕግ ዲቴይነር የደረሰው ሸሪፍ እስረኛን ከመፈቻው ቀን እስከ 5 ቀን አስቀድሞ ማስረከብ «ይችላል» የሚል አንቀጽ አለው። «ይችላል» ስላለ አለማስረከብም ይችላል። ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በየጃንዋሪው ተሰብስቦ ሕግ ስለሚያሻሽል፣ ከመናገራችሁ በፊት አንቀጹን በወቅቱ ጽሑፍ አመሳክሩ።

ረቂቅ አርቃቂ፦
እኔ በፖሊሱ በኩል ልጨምር። መኮንኑ መኪና አስቁሞ ስም ሲያስገባ ኤንሲአይሲ በሚባለው ብሔራዊ ቋት ውስጥ የአይስ አስተዳደራዊ (ዳኛ ያልፈረመበት) ዋራንትም አብሮ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ «ዋራንት» የሚለውን ብቻ አይቶ ካቴና የሚያወጣ አለ። የ4ኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2013 በሜሪላንዱ የፍሬድሪክ ካውንቲ ጉዳይ፣ የአካባቢ ፖሊስ ከፌዴራል መመሪያ ወይም ሥልጣን ውጪ በኢሚግሬሽን ፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ ሰው ሊይዝ አይችልም ብሏል። በዚያ ጉዳይ ከሳሽ የሆነችው ሴት የተያዘችው ምሳዋን እየበላች ሳለ ነበር። ቨርጂኒያም በዚሁ ፍርድ ቤት ሥር ናት። ስለዚህ ለምክር ቤቱ ይህን ዐረፍተ ነገር እንዳለ አንብቡላቸው፦ «የከተማው ፖሊስ በኢሚግሬሽን አስተዳደራዊ ዋራንት ምክንያት ብቻ ማንንም አይዝም፣ ያስቆመውንም ሰው ከጉዳዩ ጊዜ በላይ አያቆይም።» ከተማው 287(ጂ) የሚባለውን፣ ፖሊስን የኢሚግሬሽን መኮንን የሚያደርገውን ውል እንዳይፈርምም ጨምሩ። ውሉ በፈቃድ የሚፈረም ነው።

«ስለማንም መረጃ ለአይስ አይሰጥም» ብላችሁ ግን አትጻፉ! 8 ዩኤስሲ 1373 የሚባለው የፌዴራል ሕግ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሁኔታን የሚመለከት መረጃ እንዳይተላለፍ መከልከልን አይፈቅድም። የከተማው ጠበቃ በዚያች አንድ መስመር ሰበብ ረቂቁን በሙሉ ይመልሰዋል። «ሕግ ካላስገደደ በቀር የከተማ ሠራተኛ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም፣ አይመዘግብም» በሉ። ያልተመዘገበ አይተላለፍም። ተጎጂንና ምስክርን በተመለከተ ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ ፖሊስ እንዳይጠይቅ ከልክላለች፤ የእናንተ ጥያቄ ያንን ወደ ሌላው ነዋሪ ማስፋት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው የሱቅ ስርቆት ነገር ነው። በጃንዋሪ 2025 የወጣው የሌከን ራይሊ ሕግ፣ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ሰው በስርቆት ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ፣ ገና ሳይፈረድበት፣ ኢሚግሬሽን ያለ ዋስ እንዲያስረው ያዛል። በኋላ ክሱ ቢዘጋ እንኳ መያዙ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለትንንሽ ጥፋቶች ወደ እስር ቤት ከመውሰድ መጥሪያ መስጠት የፖሊስ አሠራር እንዲሆን ጠይቁ። መጥሪያም ክስ ስለሆነ ሙሉ መከላከያ አይሆንም፤ ሰውየው በዚያ ሌሊት አሻራ ሰጥቶ ዲቴይነር እንዳይደርስበት ግን ይረዳል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ይህችን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

የመዝገብ ፈታሽ፦
ካሜራውን አትርሱ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በቨርጂኒያ የታርጋ አንባቢ ካሜራ መረጃ ከ21 ቀን በላይ አይቀመጥም። ችግሩ የሚፈጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ወይም የራሱ የከተማው መኮንን ለአይስ ብሎ ሲፈልግ ነው። እያንዳንዱ ፍለጋ በመዝገብ ይሰፍራል፦ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት። ያው የካሜራ ሕግ ግን መዝገቡን ከመረጃ ነፃነት ሕግ ውጪ ስላደረገው እናንተ በጥያቄ አታገኙትም፤ ምክር ቤቱ ከተማው መዝገቡን ፈትሾ ስንት ፍለጋ ለአይስ እንደተደረገ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ጠይቁ። ሌሎች የካሜራ ሰነዶችን፣ ለምሳሌ የአጠቃቀም መመሪያውን፣ በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠይቁ። ከተማው በ5 የሥራ ቀን መመለስ አለበት፣ ካልደረሰለት 7 የሥራ ቀን መጨመር ይችላል። «ስለ ካሜራ ያላችሁን ሁሉ» ካላችሁ በክፍያ ግምት ያስደነግጧችኋል። የምትፈልጉትን ሰነድ ለይታችሁ ጥቀሱ።

የዌስት ኤንድ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ንግግሩን እንደገና እንጽፈዋለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከእኛ መካከል አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቀው የሚጠባበቁ አሉ። እነሱ ቢናገሩስ?

የመዝገብ ፈታሽ፦
ስብሰባው በቪዲዮ ይተላለፋል፣ ቅጂውም ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። የተናጋሪ ቅጹም የሕዝብ መዝገብ ነው። ጉዳያቸው ያልተቋጨ ሰዎች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና እንዴት እንደገቡ በዚያ ማይክ እንዳይናገሩ አደራ። ሐሳባቸውን ዜጋ የሆነ ጎረቤት፣ ስም ሳይጠራ፣ በራሱ 3 ደቂቃ ያንብብላቸው። የመረጃ ጥያቄውንም ስምና አድራሻ ስለሚጠየቅበት ዜጋው ያስገባ። የአማርኛ አስተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ቀደም ብላችሁ ጻፉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደርሳችሁ ብትጠይቁ አይገኝም። ሦስቱን ጥያቄዎች፣ የሸሪፉን፣ የፖሊሱንና የካሜራውን፣ ለሦስት ተናጋሪ አካፍሉ፤ ጽሑፉን ደግሞ በዋዜማው ለከንቲባዋና ለስድስቱ አባላት በኢሜይል ላኩ።