ሰው የተገደለበት ብሎክ፦ ለተከራይ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

ጽጌ ደላላ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤት አከራያለሁ። አንድ ባለ አንድ መኝታ አለኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ውሃ የማይጠፋበት (እዚህ ሰፈር ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ)። ችግሩ፣ አምና እዚያው ቤት ነፍስ ጠፍቷል። አሁን ባጃጁ ሁሉ «የገዳዩ ብሎክ» እያለ ነው የሚጭነው። ተከራይ አምጥቼ፣ ቤቱን ወዶ፣ ቀብድ ሊቆጥር ሲል ጥበቃው ጆሮው ላይ ሹክ ይለዋል፤ አለቀ። ባለቤትየዋ ደግሞ «አንቺ ምን አገባሽ፣ ዝም በይ» ትለኛለች። ኒውዚላንድ ያለው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ እዚህም አራሞአና የምትባል እንዲህ ስሟ የጠፋ መንደር አለች» አለኝ። የሚያውቃት አለ?

የዱኒዲኑ፦
እትዬ ጽጌ፣ እኔ አውቃታለሁ። ከዱኒዲን ከተማ ወጣ ብላ፣ የኦታጎ ወደብ አፍ ላይ ያለች ትንሽዬ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1990፣ እኛ ጋ ደርግ ሊወድቅ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ዴቪድ ግሬይ የሚባል የዚያው ነዋሪ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ጠመንጃ አነሣ። 13 ሰው ገደለ። ሕፃናት ነበሩበት፤ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ስቱዋርት ጋትሪም ነበረበት። ግሬይንም በማግሥቱ ፖሊስ ገደለው። እኔን የሚገርመኝ የ72 ዓመት እናት ናቸው፤ ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና የተቀየረ፣ ጥይት እየተተኮሰ በደረታቸው እየተሳቡ ለቆሰለ ሰው እርዳታ የጠሩ። ተሸልመዋል። የአገሪቱ የመሣሪያ ሕግም በ1992 ጠበቅ አለ።
ግን ያቺን መንደር በዚህ ብቻ መጥራት ግፍ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ሊተከልባቸው ሲል «ነጻ አገር ነን» ብለው አውጀው ቴምብር ሳይቀር ያሳተሙ ሰዎች ናቸው! ፋብሪካው ቀረ። ማዶ ያለው ኦታኮ ደግሞ ንጋይ ታሁ የሚባሉት የማኦሪዎች (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ጎሳ ቀዬ ነው፤ በ1840 ማኦሪዎችና እንግሊዞች የተዋዋሉት የዋይታንጊ ውል ከተፈረመባቸው ቦታዎች አንዱ።
ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ማኦሪዎች ሰው ሲሞት «ታካሂ ፋሬ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ከቀብር በኋላ ክፍል በክፍል እየዞሩ ይጸልያሉ፤ ከዚያ እዚያው ምግብ ይበላል። ቤቱ ለኗሪ ተመለሰ ማለት ነው። ሁሉም ሰው እያየ እንጂ ተደብቆ አይደለም።

አባ ሸዋንግዛው፦
ልጄ ጽጌ፣ ይሄማ የኛም ነው። ቄስ ጥሪና ጠበል አስረጪ፣ የብሎኩን እድርተኛ ሰብስቢ፣ ቡና አፍሉ። ጥበቃው ከሚያወራው አንቺ ብትነግሪው ይሻላል። ዋጋውም ትንሽ ይቀነስ እንጂ!

ጽጌ ደላላ፦
ተባረኩ። ባለቤትየዋ ጠበሉን እሺ ብላለች፤ ዋጋ የሚባለውን ግን መስማት አትፈልግም። ቡናውንና ፈንዲሻውን እኔ እችላለሁ፣ ጥበቃውንም እጠራዋለሁ። ቤት ፈላጊ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ ታሪኩን ቀብድ ሳልቀበል ነው የምነግረው።