የ1982 ሥሪት ኮሮላ ዲኤክስ እድሳት፦ ነባሩን ሞተር ማቆየት ወይስ መቀየር?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

አሮጌ የጃፓን መኪኖችን ለምታድሱና ለምታሻሽሉ ወገኖች ሁሉ፤

ከአባቴ የወረስኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። የቦዲው መለያ ኬኢ70 ነው፤ ሞተሩም ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ባለ 1290 ሲሲ 4ኬ ሲሆን፣ የሞተሩም የሻንሲውም ቁጥር ሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ ነው። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይታፈናል፣ ነዳጅም ከሚገባው በላይ ይጠጣል። ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ይስባል። ከኋላ ጎማዎቹ በላይና ከበሮቹ ግርጌ ደግሞ ቀለሙ አብጧል።

ጓደኞቼ 4ኬውን አውርጄ 4ኤ-ጂኢ የተባለውን ኃይለኛ የቶዮታ ሞተር እንዳስገባ፣ ሞላዎቹን አስቆርጬ ዝቅ እንዳደርገውና ሰፋፊ ቸርኬ እንድገጥምለት ይመክሩኛል። እኔ ግን የምመኘው መልኩን ሳይለቅ በሚገባ የታደሰ፣ ሐዋሳ ድረስ ያለ ሥጋት ደርሶ የሚመለስ፣ ትንሽም ጉልበት የተጨመረለት መኪና ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ስለማልችል ሥራው በየደረጃው መከናወን ይኖርበታል። በተጨማሪም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ይህ መኪና ቢበላሽብኝ በቀላሉ የምተካው አይደለም። ከየት ልጀምር? ሞተሩንስ ምን ላድርገው?

ምላሽ (ከአዲስ አበባ፣ ጋራዥ ያለው)

ወንድሜ፣ ስለ ሞተሩ ከመወሰንዎ በፊት ቆርቆሮውን ይመልከቱ። ሞተር ቢደክም ይሠራል፣ ይለወጣልም፤ የኬኢ70 ቦዲ ግን ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ የጎን ምሰሶዎቹና ከበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥን መሰል ብረቶች ራሳቸው ናቸው የመኪናው አጥንት። እነዚህ በዝገት ከሳሱ በኋላ የሚገጠም ኃይለኛ ሞተር ቦዲውን ከማጣመም በቀር ጥቅም አይሰጥም።

ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በኋላ ጎማዎቹ ቅስት፣ በበሮቹ ግርጌ፣ በመስታወቱ የታችኛው ማዕዘኖችና በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ያስኪዱት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ ከስቱኮው በታች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብረት የለም። ከዚያም ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ወለሉን፣ የባትሪውን መቀመጫ ሥርና የትርፍ ጎማውን ጎድጓዳ ይፈትሹ። በአገራችን መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ስለሌለ መኪኖቻችን ከሥር እንደ አውሮፓ መኪኖች አይበሉም፤ የእኛ ጠላት የክረምቱ ውኃና በጭቃ የተደፈኑት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ናቸው። ከመስታወቱ ፊት ባለው የአየር ማስገቢያ የገባ ውኃ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይወርድና ከበሮቹ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የበሰበሰውን ብረት ከማስቆረጥዎ በፊት ውኃው የሚገባበትን መንገድ ያግኙ፤ አለዚያ አዲሱም ላሜራ በጥቂት ክረምት ውስጥ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

የተበላው ክፍል እስከ ጤናማው ብረት ድረስ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መተካት አለበት። በዝገት ላይ ላሜራ ደርቦ መበየድ በሁለቱ መካከል እርጥበት ስለሚያስቀር ከመነሻው መፍቀድ የሌለብዎት አሠራር ነው። ሰፊ ገጽ ላይ በጋዝ ከመበየድ ይልቅ በሚግ (ሽቦ እየመገበ በሚበይድ የኤሌክትሪክ ብየዳ) እያረፉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ መበየድ ይመረጣል፤ የጋዙ ሙቀት ሰፋ ብሎ ስለሚሰራጭ ላሜራውን ያወላግደዋል፣ ያ ውልግድግድም በስቱኮ መደበቁ አይቀርም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ዝገት ተከላካይ ቀለም፣ ባዶ ሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ሰም መሰል መከላከያ ይረጭበት። ቀለም የሚቀባው ሰው ማጠንከሪያ የተቀላቀለበትን ቀለም የሚጠቀም ከሆነ ተራ የአፍ መሸፈኛ እንደማይበቃው ያስታውሱት፤ ትነቱ ሳንባን በቋሚነት ይጎዳል።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ወደ ቀኝ መሳቡ የሚያመለክተው የግራው ጎማ በሚገባ አለመያዙን ነው። በግራው የፊት ዲስክ ያለው ፒስቶን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የላስቲክ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አላሳልፍ ብሎ ይሆናል። ዕድሜያቸው ስለገፋ ቱቦዎቹንና የዋናውን ፓምፕ ጎሚኒዎች ያለ ክርክር ይቀይሩ፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብም በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። የኋላውን ታምቡር ሲከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አያስነፉ፤ አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በውኃ አርጥቦ መጥረግ ይገባል።

ምላሽ (ከአዳማ)

በቀደመው ምላሽ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ጥቁሩ ጭስና ስለ መታፈኑ ልጨምር፤ ሰዎች ደህና ሞተር የሚያስወርዱት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር ይህንን ለውጥ በራሱ አያውቅም። በአንድ ዙር የሚስበው አየር እየሳሳ ሲሄድ ነዳጁ ግን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ በአሥር በመቶ ገደማ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ይሰጣል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥቁሩ ጭስም፣ መታፈኑም፣ የነዳጁም ብክነት ከዚህ የሚመነጩ ሊሆኑ ይችላሉ።

አራቱን ካንዴላዎች (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጡትን) ፈትተው ይመልከቱ። ደረቅና እንደ ጥላሸት የጠቆሩ ከሆነ በድብልቁ ውስጥ ነዳጁ በዝቷል፤ በዘይት የራሱ ከሆነ ግን ችግሩ ከፋሻ (ከፒስቶኑ ቀለበት) ወይም ከቫልቮላ ነው፣ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀጥለው ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት) ያስለኩ። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ ትንሽ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው በድጋሚ ያስለኩት፤ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፣ ካልተለወጠ ቫልቮላው አይገጥምም ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ተበልቷል። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተርዎ ጤነኛ ነው፤ ገንዘብዎን ካርቡራተሩ ላይ ያውሉት። ካርቡራተሩ ወርዶ ይታጠብ፤ የጠዋት ማስነሻው ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይረጋገጥ፤ የተንሳፋፊው ከፍታም ይስተካከል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካንዴላዎቹ መጥቆራቸውን ካላቆሙ ዋናው የነዳጅ ማሳለፊያ ጄት አንድ ደረጃ በጠበበ ይተካ። ከደጋ ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ ግን የነበረውን ጄት አብረው ይያዙት፤ ለአዲስ አበባ የጠበበው ጄት እንደ አዋሽ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ድብልቁን ስለሚያሳሳው ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ብዙ ሰው የማይፈትሸው ሌላ ነገር አለ። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጎን ላይ የተለጠፈ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ላስቲክ አለ፤ በቫኪዩም እየተሳበ እሳቱን ያስቀድማል። ቱቦውን ነቅለው በአፍዎ ሲስቡት ከውስጥ ያለው ሳህን ካልተንቀሳቀሰ ወይም አየሩ ዝም ብሎ ካለፈ ላስቲኩ ተቀድዷል። ይህን መተካትና የፑንቲናውን (እሳቱን የሚቆርጠውን መገናኛ) ክፍተት ማስተካከል ብቻውን የመኪናውን አነዳድ በግልጽ ያሻሽላል።

ራዲያተሩን አይርሱት። የ4ኬ ብሎክ የብረት ቢሆንም ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ የቧንቧ ውኃ ብቻ እየተሞላ ከኖረ የውኃው መንገድ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ጊዜ በደንብ ከሞቀ ደግሞ ቴስታታው ይጎብጣል። ወደ ሐዋሳ ከመነሳትዎ በፊት ራዲያተሩን አስጠርገው ዝገት የሚከላከል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይሙሉበት።

ምላሽ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ኬኢ70 በውጭ አገር የሚወደድበትን ምክንያት ላስረዳ፤ ሞተር የመቀየሩ ምክርም ከዚያው የመነጨ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ይህ ትውልድ የኮሮላ ሁሉም ሞዴሎች በኋላ ጎማ የሚነዱበት የመጨረሻው ነበር፤ በቀጣዩ ትውልድ አብዛኞቹ ወደ ፊት ጎማ ሲዞሩ በኋላ ጎማ ከቀሩት አንዱ ኤኢ86 የተባለው ኮሮላ ነው። ሴዳኑ ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ስላለው፣ የሰስፔንሽን አሠራሩም ከኤኢ86 ጋር በአመዛኙ ስለሚዛመድ፣ የኤኢ86ን 1587 ሲሲ 4ኤ-ጂኢ ወደ ኬኢ70 ማዛወር በአውስትራሊያም ሆነ በሌሎች አገሮች የተለመደ ሥራ ሆኗል።

የተለመደ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። 4ኤ-ጂኢ ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክሽን ስለሆነ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ ወደ ሳልባትዮ የሚመለስ መስመር፣ ኮምፒውተርና ሙሉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይፈልጋል። ካምቢዮው፣ የሞተሩ መያዣዎችና የጭስ መውጫውም አብረው ይለወጣሉ። በገበያ የሚገኙት ደግሞ በአብዛኛው በፊት ጎማ ከሚነዱ መኪኖች የወጡ ስለሆኑ ርዝመቱን ይዘው ሲቀመጡ የውኃ መስመራቸው እንደገና መሠራት አለበት። ደረጃ በደረጃ ለሚሠራ ሰው መኪናውን ለረጅም ጊዜ ፈትቶ የሚያስቀምጥ ውሳኔ ነው።

እርስዎ ለሚፈልጉት ትንሽ ጉልበት የሚመጥነው 5ኬ ይመስለኛል። እርሱም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሆኖ 1486 ሲሲ ነው፤ በነባሮቹ መያዣዎች ላይ ይቀመጣል፣ ከነባሩም ካምቢዮ ጋር ይገጥማል። ከላይትኤስ ወይም ከታውንኤስ ሚኒባስ የወጣ ከሆነ የዘይት ቋቱንና የዘይት መሳቢያውን ከ4ኬዎ ወስደው ያዛውሩበት። የኬ ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል ስለተመረቱ፣ 5ኬም በቶዮታ ፎርክሊፍቶች ላይ ጭምር ስለተገጠመ፣ ጓርኒሲዮንና ብሮንዚና ከመኪና መለዋወጫ ሻጭ ቢያጡ ፎርክሊፍት ጠጋኞችን ይጠይቁ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው የአሮጌ መኪኖች መለዋወጫ ዳግም ምርት እስከማውቀው እንደ ሱፕራ፣ 2000ጂቲ፣ ላንድክሩዘር 40ና ኤኢ86 ላሉት እንጂ ለኬኢ70 አልተዘረጋም፤ ስለዚህ በሶማሌ ተራ የሚያገኙትን ያልተሰበረ መብራት፣ ፍሬቻና የክሩስኮት ዕቃ ዛሬ ባያስፈልግዎትም ገዝተው ያስቀምጡ። ከእኛ የሚፈልጉት ዕቃ ካለ ከሻንሲው ቁጥር ተነሥተው ከካታሎግ የዕቃውን ቁጥር አውጥተው ይላኩ፤ ፎቶ ብቻ ሲላክ የተሳሳተ ዕቃ ይገዛል።

ምላሽ (ከአዲስ አበባ)

እኔ መኪና ዝቅ ማድረግ ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ቢሆንም ሞላ ማስቆረጡን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተቆረጠ ሞላ መኪናው በክሪክ ሲነሣ ወይም ጉድጓድ ዘልሎ ሲያርፍ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ አሞርዛተሩም ላልተሠራበት ርቀት ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። ትክክለኛው መንገድ ለዚያ ከፍታ የተሠራ አጭር ሞላና አጭር አሞርዛተር አብሮ መግጠም ነው። ኬኢ70 ከኋላ ዲፈረንሻሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ አግድም ዘንግ አለው፤ መኪናው ዝቅ ሲል ይህ ዘንግ ዲፈረንሻሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋውና አንዱ ጎማ ከቅስቱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ስለዚህ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ካልተገኘ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ አያድርጉት። ቸርኬም ሲመርጡ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው ጎማው የትም እንደማይነካ ያረጋግጡ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በማግኔቱ ስፈትሽ በግራ በኩል ከበሮቹ ሥር ስቱኮ ስላገኘሁ ከላሜራው እጀምራለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁንልኝ። ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ 4ኬው ያለቀ ሆኖ ቢገኝ፣ 5ኬ ባስገባ የሊብሬው ጉዳይ እንዴት ይሆናል?

ምላሽ (ከአዲስ አበባ፣ ጋራዥ ያለው)

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ለውጡ መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገብ ለቦሎ ምርመራ ቢቀርቡ ቁጥሩ አይመሳከርም፣ ለመሸጥም ይቸገራሉ። 5ኬውን ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድና ደረሰኝ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የሞተሩ ቁጥርም ያልተፋቀና በግልጽ የሚነበብ ይሁን። ሰነዱን ይዘው መኪናው የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ስለ አሠራሩ ይጠይቁና ገንዘብ የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ነገር ግን ሲሊንደሩ ስለተበላ ብቻ ብሎኩ ተጣለ ማለት አይደለም። ቶርኖ ቤት አስለክተው ግማሽ ሚሊ ሜትር ማስፋት ከቻለ በዚያው ልክ የሰፋ ፒስቶንና ፋሻ ገብቶለት የሞተሩ ቁጥር እንዳለ ይቀጥላል፤ እኔ ብሆን የምመርጠው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ፒስቶኑ በእጅዎ ይግባ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በፒስቶኑ ልክ ይሰፋ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሰፋ ብሎክ ይዘው ፒስቶን ፍለጋ ይዞራሉ። 5ኬውን ከመረጡም 4ኬውን ለቁራሌው አይስጡት። ውኃውን አፍስሰው፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዘይት ጨምረው ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍነው ከመሬት ከፍ አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ በየጥቂት ወሩም መለስ እያሉ እንዳይጣበቅ ያዙሩት።