የኬጂ ሚስ ልጇን አዝላ ታስተምር?

አወያይ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንደምን ዋላችሁ ወገኖች። ሰሞኑን እዚህ ከተማ አንድ የግል አፀደ ሕፃናት ውስጥ የተነሣ ነገር አለ። ስሙን አንጠራም፤ ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። አንዲት የነርሰሪ ሚስ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራ ተመለሰች። ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው የለም። ስለዚህ አዝላው ክፍል ገባች። ወላጅ ለሁለት ተከፈለ። በኋላ ርእሰ መምህሩ «ወይ ልጁን ወይ ሥራውን ምረጪ» አሏት አሉ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። የምታጠባ የኬጂ መምህርት ልጇን ይዛ ክፍል ትግባ ወይስ አትግባ? ስድብ የለም። ፖለቲካም ለዛሬ ይቅር።

እናት ከቡሬ፦
ትግባ እንጂ! የኔን ልጅ ንፍጥ ስትጠርግ፣ ሱሪ ስትቀይር እየዋለች የራሷ ሕፃን ጎረቤት ተጥሎ ያልቅስ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይቺ ናት።

ከፋዩ አባት፣ ደብረ ማርቆስ፦
አትግባ። ጨካኝ ነህ አትበሉኝ፣ መጀመሪያ ስሙኝ። የልጄን ክፍል ሄጄ አይቻለሁ። ከ30 በላይ ሕፃናት አሉ። አንዱ እርሳስ ይዞ የጓደኛውን ዓይን ሊወጋ ይቃጣል። አንዷ ሸንታ ቆማ ታለቅሳለች። አንዱ በሩ ገርበብ ካለ ወደ አስፋልቱ ነው የሚሮጠው። ሚሷ በዚያች ደቂቃ ጡት እያጠባች ከሆነ ማን ይደርሳል? «ሞግዚት አለች» እንዳትሉኝ። አንዲት ሞግዚት ለሦስት ክፍል ናት። ባንክ ያለች ገንዘብ ከፋይ ልጇን ታቅፋ ብር ብትቆጥር ዝም እንላለን? ታዲያ ልጅ ከብር አነሰ?

እናት ከቡሬ፦
ወንድሜ፣ እሱን ነገርማ 30 ልጅ ለአንድ ሰው የሰጠውን የትምህርት ቤቱን ባለቤት ጠይቀው። ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊትም በሩ ገርበብ ይል ነበር።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቢቸና፦
ልጆቼ፣ እኔ ክርክሩ ይገርመኛል። እናቶቻችን አዝለው አርመዋል፣ አዝለው አጭደዋል፣ አዝለው ገበያ ወጥተዋል። ያኔ ማን ከለከላቸው? እኛም የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር ከዛፍ ሥር ነበር። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥር ነበር። ሕፃን በመካከል ቢያለቅስ ፊደሉ አይጠፋም።

የኦ ክፍል መምህርት፣ ደጀን ወረዳ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ልመልስ። ጤፍ ሲታጨድ ሕፃኑ ጀርባ ላይ ይተኛል፤ ጤፉ አይጮህም፣ አይናከስም። የኔ ተማሪዎች፣ ለአንደኛ ክፍል የሚዘጋጁት የኦ ክፍል ልጆች፣ ይናከሳሉ። እኔ ራሴ አዝዬ ገብቼ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልናገር። ለማንም አይሆንም። «ሀ ሁ» ስል ልጄ ይነቃል። ሳባብለው የፊት ወንበሩ ይበተናል። መዝሙር ሳዘምርና እጅ ሳስጨበጭብ አንቀልባው ይፈታል። ቀዝቃዛ ወር ላይ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ጉንፋን ነው፤ ሁሉም መጥተው ሕፃኑን መሳም ይፈልጋሉ። ያቺን ወር እኔም ልጄም በሳል አሳለፍናት።

ቤት ስገባም ሥራው አያልቅም። የነገውን ካርቶን የምቆርጠው፣ ሥዕሉን ቀለም የምቀባው ማታ ነው። የማስተማሪያ መርጃ ከየትም አይመጣም፤ ከብስኩት ካርቶንና ከጠርሙስ ክዳን ነው የምንሠራው። በአንድ እጅ ልጅ፣ በአንድ እጅ መቀስ። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን «ሕፃናት ማስተማር ምን ሥራ ነው፣ ጨዋታ ነው» የሚል አማት አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ስለዚህ አቋሜ እንደ ከፋዩ አባት ነው። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። እኔ ልጄን ክፍል ይዤ መግባት አልፈልግም። የምፈልገው እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍልና የሚይዘው ሰው ነው። በዕረፍት ሰዓት ሮጬ አጥብቼ ልመለስ።

ሚስቱ የኬጂ ሚስ የሆነችው ሰውዬ፣ ፍኖተ ሰላም፦
«ጨዋታ ነው» የምትለው አማት የኔም እናት ናት ማለት ይቻላል 😅 እህቴ፣ እኔ ካርቶን መቁረጥ ተምሬያለሁ። ለባልሽ ንገሪው፣ አይከብድም።

የሕግ ሰው፣ ሞጣ፦
ሕጉን ሳናይ ባንፈርድ። የግል ትምህርት ቤት መምህርት የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባትየው የሚያገኘው 3 ቀን ነው። በ2010 በወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ የአባት ፈቃድ 10 የሥራ ቀን ነበር። ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁም ያዝ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ» ትላለች። 90 ቀኑን እንደፈለጋችሁ ቁጠሩት፣ ስድስት ወር አይሞላም። በመካከል ያለውን ጊዜ ማን ይሸፍነው? ጭቅጭቁ የሚነሣው እዚያች ክፍተት ላይ ነው።

«ወይ ልጁን ወይ ሥራውን» የሚለውም በአፍ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። አንዲት ሠራተኛ በነፍሰ ጡርነቷ ጊዜና ከወለደች አራት ወር እስኪሆናት ድረስ በዚያ ምክንያት ልትሰናበት አትችልም።

ከፋዩ አባት፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጥሩ፣ ሕጉን ተረዳሁ። ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት አለው። አንድ ግለሰብ ግቢ ተከራይቶ የከፈተው ኬጂ ትርፉ ስንት ነው? ሞግዚት ቅጠር፣ ክፍል አዘጋጅ ስትሉት የት ያመጣዋል? ከኔ ነው የሚያመጣው። በሚቀጥለው መስከረም ክፍያ ጨመርን የሚል ወረቀት ይመጣል።

እናት ከቡሬ፦
ይጨምር!

ከፋዩ አባት፣ ደብረ ማርቆስ፦
ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ? አንቺ ሀብታም ነሽ መሰለኝ እህቴ።

አያት፣ ደብረ ኤልያስ፦
እኔ የልጅ ልጄን የማደርሰው እኔ ነኝ። የሱ ሚስ ከወለደች ወዲህ ከልጆቹ ጋር ያላት ትዕግሥት ጨምሯል ብል ታምኑኛላችሁ? ድሮ ልጁ እንባውን ይዞ ነበር የሚመጣ። ደግሞም እንዲህ ያለ ልብ ያላትን ሰው ካባረርናት የሚመጣው ማነው? ገና ኮሌጅ ያልጨረሰች፣ በዓመቱ የተሻለ ሥራ አግኝታ የምትሄድ ልጅ ናት። ሕፃን ደግሞ ሚሱ ስትቀያየርበት እንደገና ማልቀስ ይጀምራል።

አወያይ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እትዬ ያነሡት ነገር ትልቅ ነው። ዝም ብዬ ልመራ አስቤ ነበር፣ ግን የኔንም ልናገር። በኔ እምነት ሕፃኑ ከክፍል ይውጣ፣ ከግቢው ግን አይውጣ። ከፋዩ አባት ስለ ደኅንነት ያሉት ትክክል ነው። ግን ያ ክርክር ሚሷን ለማባረር አያበቃም፤ ሞግዚት ለመጨመር ነው የሚያበቃው። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አብረው ያወጡት የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ ከእርግዝና እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ሕፃን ነው የሚመለከተው። የአራት ዓመቱን ተማሪ እየተንከባከቡ የአራት ወሩን ሕፃን ከበር መመለስ ከዚያ ጋር እንዴት ይሄዳል? ትምህርት ቤት ደግሞ ለዚህ ከሌላው መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ትንሽ ወንበር አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ሕፃን መያዝ የሚችል ሰው አለ።

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። ሚስ የሚለው ሥራ «እናትነት ነው፣ ፍቅር ነው» እየተባለ በዝቅተኛ ደመወዝ እንዲሠራ ሆኗል። እናት ሆና ስትመጣ ደግሞ ያ እናትነት ችግር ሆነ። እንዴት ነው ነገሩ?

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቢቸና፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። ይዛው ትግባ ያልኩት ሌላ አማራጭ የለም ብዬ ነው። ክፍል ከተገኘ ከዚያ የተሻለ ምን አለ። ነገሩን የወላጅ መምህር ኅብረቱ ያንሣው። ወመህ የተቋቋመው ለአጥር ማሳጠሪያ መዋጮ ብቻ አይደለም።

ሚስቱ የኬጂ ሚስ የሆነችው ሰውዬ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እኛ ጋ እናቶቹ ራሳቸው መላ አበጁ። ሦስት የሚያጠቡ መምህራን ተነጋግረው አንዲት ልጅ እግር ሞግዚት በጋራ ቀጠሩ። ደመወዟን ሦስቱ ይካፈላሉ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍል ሰጠ። ለባለቤቱ አንድ ብር አላስወጣውም።

የኦ ክፍል መምህርት፣ ደጀን ወረዳ፦
እሱ ሦስት ሲሆኑ ነው። እኛ ጋ የምታጠባ እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞ ከዚያች ደመወዝ ላይ ሞግዚት ከፍዬ የሚተርፈኝን አስቡት። የባለቤቱ ብር የዳነው የእናቶቹ ወጥቶ ነው።

ከፋዩ አባት፣ ደብረ ማርቆስ፦
እሺ። ሒሳብ ይቅረብልኝና እፈርማለሁ። የሞግዚቷ ደመወዝ ለሁሉም ወላጅ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ስንት ይመጣል? ግማሹን ባለቤቱ ይቻል። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ እኔው አነሣዋለሁ።

የኦ ክፍል መምህርት፣ ደጀን ወረዳ፦
ጋሼ፣ ሲያነሡት ክፍሉ መስኮት እንዲኖረው ይበሉልኝ። ለኛ «ልጅሽን እዚህ አስቀምጪ» ተብሎ የታየው የጠመኔና የአሮጌ ወንበር መጋዘን ነበር።