አማቴ ልጅቷን ላኪልኝ ይላሉ፤ ልጄ ደግሞ ሰው ትፈራለች

የደምበጫዋ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 6 ዓመቱ ነው። ሕፃን ሳለ ያቀፈው ሰው እጅ ላይ ሁሉ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ትንሿ 3 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። እሷ ሌላ ፍጥረት ናት። ሰው ቤት ስንገባ ቀሚሴ ውስጥ ትገባለች። ኪታ (የጀርመን መዋዕለ ሕፃናት) ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ጃኬቷንም አታወልቅም። ዚፑን እስከ አገጯ ትስብና በሁለት እጇ ይዛው ትቀመጣለች። ትናንት አስተማሪዋ "ቤት ውስጥ የተለየ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የገባሁት።

አማቴ ደምበጫ ናቸው። "ቤት ዘግታችሁባት ነው። ላኪልኝ፤ ለትምህርት እስክትደርስ እኔ ላሳድጋት" ይላሉ። ባሌም ልቡ ወደዚያ አዘንብሏል። እሱ ቀን ይሠራል፣ እኔ ሌሊት። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ብልካት ወረቀቷ ምን ይሆናል? ደግሞስ እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ?

ጮቄ (ሽቱትጋርት)

እህቴ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቷ የየት አገር ነው? የጀርመን ከሆነ መመለሷ አያሳስብም። የኢትዮጵያ ሆኖ በመኖሪያ ፈቃድ ከሆነ ያለችው ግን፣ ከ6 ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየች ፈቃዷ ይቃጠላል። ረዘም ያለ ጊዜ ከፈለጋችሁ ከመሄዷ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳችሁ ማስፈቀድ አለባችሁ። ኪንደርጌልድም (መንግሥት ለልጅ የሚከፍለው ገንዘብ) አለ፤ በ2025 ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ ነበር። ኑሮዋ ኢትዮጵያ ከሆነ በደንቡ ይቆማል። ሳታሳውቁ ብትቀበሉ መልሱ ትባላላችሁ።

ስለ ኪታው፦ ብዙ ኪታዎች የሚከተሉት የበርሊን ማለማመጃ የሚባለውን ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ወላጅ አብሮ ይቀመጣል፣ አይለይም። በ4ኛው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ይላል። ልጁ ካልተጽናና ማለማመዱ ይረዝማል። አንቺ ስንት ቀን ተቀመጥሽ?

የደምበጫዋ

ሁለት ቀን። በሦስተኛው ከሥራ ጠሩኝ።

የሉማሜዋ (ሜሪላንድ)

ልጄ፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን በ2 ዓመቱ ሉማሜ ላክሁት። ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ምን ላድርግ። በየወሩ ብር እልካለሁ። ለወተቱ ብዬ ላም ሳይቀር አስገዝቻለሁ። እናቴ አንቀባርራ አሳደገችው፤ እሷን አልወቅስም፣ ነፍሷን ይማር። በ7 ዓመቱ መጣ። አየር ማረፊያ ላይ ሮጬ ላቅፈው ስል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ልክ እንደ እንግዳ። አጠገቤ የነበሩት "ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" አሉ። እኔ መቆሚያ አጣሁ። ሌሊት ሌሊት "እማዬ" እያለ ይጣራል። እኔን አይደለም፣ እናቴን ነው። ዛሬ 31 ዓመቱ ነው፤ እንዋደዳለን። ሲከፋው ግን አሁንም የሚደውለው ሉማሜ ላለችው አክስቱ ነው። መንገዱም ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። አትላኪያት።

የሕፃናት ነርስ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ሁለተኛ ጥያቄሽን ልመልስ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳሽ። አይ፣ አንቺ አይደለሽም። ልጅ ጠባዩን ይዞ ነው የሚወለደው። ስቴላ ቼስና አሌክሳንደር ቶማስ የሚባሉ ባልና ሚስት የአእምሮ ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) ኒውዮርክ ውስጥ 133 ልጆችን ከጨቅላነት እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። ከመቶ 40 ያህሉ ቶሎ የሚለምዱ ነበሩ፤ ያንቺ ትልቁ ልጅ ማለት ነው። 10 ያህሉ የሚያስቸግሩ፣ 15 ያህሉ ደግሞ ቀስ ብለው የሚለምዱ። ልጅሽ እነዚህን ትመስላለች። የቀሩት ቅይጥ ናቸው። እነሱ ትልቅ ቦታ የሰጡት ነገር የልጁ ጠባይና የአሳዳጊው አያያዝ መግጠሙን ነው። አንዱን ልጅ ያሳደግሽበት መንገድ ሌላውን ሊያስጨንቀው ይችላል። ልጁም ወላጁን ይቀርጻል። የሚስቅ ልጅ ሲስቁለት ይውላል፤ የሚሸሽን ልጅ ግን ሰው ይሰለቸዋል።

እኔ ራሴ እንደ ልጅሽ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት። እንግዳ ሲመጣ አያቴ "ሰላም በይ" ብላ አታስጨንቀኝም። ምስር ያለበት ሰፌድ ጭኔ ላይ ታስቀምጣለች። ጠጠሩን እለቅማለሁ፣ በሰፌዱ ጠርዝ ሰዉን አያለሁ። ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ እንግዶቹ መሀል ተቀምጬ እያወራሁ ነው። ያንቺም ልጅ ሰፌዷን ትፈልጋለች። ጃኬቷን በግድ እንዳያስወልቋት ንገሪያቸው። ቤት ውስጥ እንደ ልቧ እያወራች ውጭ ብቻ ዝምታዋ ወር ካለፈ ግን ለሕፃናት ሐኪሟ አሳውቂ፤ የሚረዱበት መንገድ አለ።

የቢቸናው (ለንደን)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ጥናት ምን ያደርጋል? አይናፋርነት በኛ አገር ጨዋነት ነው። በአንቀልባ ታዝለን፣ ሲያስፈልግም ተቆንጥጠን አድገናል። ምን ሆንን? እዚያ ያለው ልጅ ጎረቤት ሁሉ ያሳድገዋል። እናንተ አራተኛ ፎቅ ላይ በስልክ ታሳድጋላችሁ። እናትየው ትላካት፤ አያት ያሳደገው ልጅ አይጎድልበትም።

ጮቄ

ወንድሜ፣ ስለ ጎረቤቱ እውነትህን ነው። ቁንጥጫውን ግን እዚህ አታምጣው። ጀርመን ከ2000 ጀምሮ ልጅ ያለ ዱላ የማደግ መብት በሕግ አለው። አንዱ አስተማሪ ክንዷ ላይ ምልክት ቢያይ ነገሩ ወጣቶች ቢሮ (የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት) ይደርሳል።

የቢቸናው

በሕግ ፍራቻ ልጅ ስድ ይለቀቃል እንዴ! እኔ ሦስት ልጆቼን ቆንጥጬ ነው ያሳደግሁ፤ ሦስቱም ሰው ሆነዋል።

የሉማሜዋ

እኔም ቆንጥጫለሁ፣ ጋሼ። ሁለተኛው ልጄ ደፋር ነበር፤ ቆንጥጬው እየሳቀ ይሮጣል። ትንሿ ግን አንድ ቀን ገና ስቆጣት ጽዋ ጣለች፣ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ዕቃ አንሺ ስላት እጇ ይንቀጠቀጣል። ጣቴ እንኳ አልነካትም ነበር። እስከ ዛሬ ጽዋ ስትይዝ በሁለት እጇ ነው።

የሕፃናት ነርስ

እናቴ፣ እርስዎ የነገሩን ይሄው ነው ነገሩ። ግራዚና ኮቻንስካ የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ ይህንኑ አይታለች። ፈሪ ልጅ ላይ ለስላሳ ተግሣጽ ይሠራል፤ ሲጮኹበት ፍርሃቱ ይውጠውና ትምህርቱ አይገባውም። ደፋሩን ደግሞ የሚገራው ከእናቱ ጋር ያለው መዋደድ ነው። ጋሼ፣ ሦስቱ ልጆችዎ ሰው የሆኑት በቁንጥጫው ሳይሆን በፍቅርዎ ቢሆንስ?

አንድ ነገር ልጨምር። በ1974ቱ ድርቅ ኬንያ ማሳይ ዘንድ ማርተን ደ ፍሪስ የሚባል ሐኪም ሕፃናትን አጥንቶ ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ግን ከአለቀሱትና ካስቸገሩት ይልቅ ጭምት ከሆኑት ብዙ ሞቱ። ያለቀሰ ጡት ያገኛል። ለዝምተኛ ልጅ የምጨነቀው ለዚህ ነው፤ አታስቸግርምና ትረሳለች። እህቴ፣ ከሌሊት ሥራ ስትገቢ ስንት ደቂቃ ብቻችሁን ትሆናላችሁ?

የቢቸናው

ልጆቼን በምን እንዳሳደግሁ እኔ አውቃለሁ፣ እህቴ። እናቴ ቆንጥጣኝ ነው ያደግሁት፤ እናቴን ጨካኝ አትበሉብኝ። አፈር ስትለብስ እንኳ አልደረስኩላትም።

የሉማሜዋ

ጋሼ፣ እናትዎን ማንም አልነካ። ነፍሳቸውን ይማር።

የደምበጫዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎንም። የነርሷን ጥያቄ ሳነብ አፈርኩ። ስገባ ገንፎ አብልቼ፣ ካርቱን ከፍቼላት ነው የምተኛው።

ዛሬ አማቴ ሲደውሉ እንደ ወትሮው "አያትሽን ሰላም በይ" አላልኳትም። እሷ ጠረጴዛ ሥር ገባች። አማቴን "እማዬ፣ ሰላምታው ይቅርና ጥጃዋን ያሳዩአት" አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ግን ስልኩን ይዘው ወደ በረት ወጡ። ጥጃዋ ስልኩን ላሰችው። ምስሉ ሁሉ ምላስ ሆነ። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር አንገቷን አወጣች። ቆየችና "ጥርስ የላትም?" አለች። አማቴ "አላት እንጂ፣ የኔ ቆንጆ፣ ታች በኩል ነው" አሉ። ከዚያ 20 ደቂቃ አወሩ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር።

ስንዘጋ ግን አማቴ "አየሽ፣ እዚህ ብትሆን ይሄው ነው" አሉኝ። ባሌም "ሰማሽ?" አለኝ። አሁን ትኬት እያየ ነው። ክረምቱን አብሬያት ሄጄ አብሬያት ልመለስ ብለው ምን ይመስላችኋል? ለሁለታችን ትኬት ግን ገንዘቡ አይበቃም፤ የዚህ ወር ለአማቴ መድኃኒት ሄዷል።

ጮቄ

አብረሻት ከሄድሽ ሌላ ነገር ነው፤ ከ6 ወር እስካላለፈ ድረስ። ግን ፓስፖርቷ የየት እንደሆነ እስካሁን አልነገርሽኝም።